ቴክላ ዓመቱን ሙሉ የደበቀችው እጅ

ቴክላ ሶለርናው የተወለደችው ከኬክ ቤቷ በላይ ባለው ክፍል ነው። ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል ወደ ምድጃው የሚያወርዱትን አሥራ አራት ደረጃዎች ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። እኔ አጋታ ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ ከቆምኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ስለዚህ ከምነግራችሁ አብዛኛው በዓይኔ ያየሁት ነው። ያላየሁትን እሷው ነግራኛለች፤ አንዴ መናገር ከጀመረች ወዲያ ዝም ማለት አቅቷት ነበር።

ከባርሴሎና ብዙም ሳይርቅ ከሞንሰኝ ተራራ ሥር ባለችው ከተማችን ሰው ዓመቱን የሚያውቀው በምላሱ ነው። በጥር መጀመሪያ ለሚውለው ለሦስቱ ነገሥታት በዓል አንድ ባቄላና አንዲት ትንሽ የንጉሥ ምስል በሆዱ የተደበቀበት ቀለበት ዳቦ ይበላል። በፋሲካ ማግስት የክርስትና አባት ለክርስትና ልጁ ሞና ይሰጣል፤ ስሙ በቸኮሌት የተጻፈበት ኬክ ነው። ለቅዱስ ዮሐንስ ኮካ የሚባለው ጠፍጣፋ ጣፋጭ ዳቦ፣ ለሙታን መታሰቢያ በአልሞንድና በጥድ ፍሬ የሚድበለበለው ፓናዬትስ፣ ለገና በማርና በአልሞንድ የሚሠራው ኑጋት። ሌላው ሰው በዓሉን ከፊት ለፊቱ ሲያየው እኛ ኬክ ቤት ያለነው ከጀርባው ነው የምናውቀው። ከተማው ሲጨፍር እኛ ዱቄት ለብሰን ነው። ቴክላ በዚህ ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። ባሏ መዲርም ያው ነው። ሰው ክብ ሠርቶ የሚጨፍርበትን ሳርዳና በሚጫወት ባንድ ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያ ስለሚነፋ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እሱ በአንዱ መንደር አደባባይ፣ እሷ በምድጃዋ ፊት ናቸው።

ስለ አባቷ ሳልነግራችሁ ግን የእሷ ነገር አይገባችሁም። ኪርዜ ይባል ነበር። እጁ ወርቅ ነው የሚባልለት ጋጋሪ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ በነገሥታት ዋዜማ፣ ደንበኛ እስከ በሩ ተሰልፎ ሳለ፣ በቀለበት ዳቦ የተሞላ ትሪ ይዞ ከጓዳ ወጣ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ትሪው ከነዳቦው መሬት ላይ ወደቀ። ሰዎቹ "ምንም አይደል ኪርዜ፣ ያጋጥማል" አሉት። እሱ ግን ሽርጡን ፈታ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለ፣ አሥራ አራቱን ደረጃ ወጣ፣ አበቃ። ሁለተኛ ወደ ምድጃው አልተመለሰም። ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ፓርኪንሰን በሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ ታሞ፣ ከዓመት ዓመት እየደረቀ፣ በመጨረሻም መጉረስ ተስኖት ነው የሞተው። ኪርዜ ይህን ሁሉ በመስኮት አይቷል። "የሰውየው በሽታ ያዘኝ" አለ። ሐኪም ጋ እንሂድ ሲሉት "የማውቀውን ሊነግረኝ ነው?" ብሎ እምቢ አለ። ቴክላ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ሽርጡን ከምስማሩ ያወረደችው እሷ ናት። አባቷ ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚመጣበትን ሲጠብቅ ኖረ።

እንግዲህ ያ ዓመት እንደ ሌላው ዓመት ነው የጀመረው። የነገሥታት ዋዜማ ጠዋት ቴክላ የቀለበቱን ዳቦ አናት በእንቁላል አስኳል ስትቀባ ብሩሹ በራሱ ጊዜ ሲንቀሳቀስ አየች። ቆም አለች። ደግማ ሞከረች። ሦስት ቀን ያለ በቂ እንቅልፍ ስለሠራች ድካም ነው ብላ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቀኝ እጅ ሥራ ከሌለው ኪስ ውስጥ ነው የሚኖረው። እኔ ምኑም አልገባኝም። ብርድ ነው ብዬ ጓንት ገዛሁላት።

ፋሲካ ደረሰ። በሞናዎቹ ላይ ስም የሚጽፈው ሌላ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ እሷ ናት። ቸኮሌቱን በተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ ታደርግና እጇን አንድ ጊዜም ሳታነሳ ትጽፈዋለች። ወይዘሮ ኤንግራሲያ የክርስትና ልጇን የጊፍሬን ሞና ልትወስድ መጣች። መነጽሯን አውጥታ ኬኩን ወዲህም ወዲያም አዞረችው።

"ቴክላ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?"

"ጊፍሬ ነዋ።"

"ጊፍሬ? እኔ እኮ ትል የሄደበት መስሎኝ።"

"ዘንድሮ እንዲህ ነው የሚጻፈው። የሚወዛወዝ ጽሑፍ ነው ፋሽኑ። ባርሴሎና ሁሉም ቤት እንዲህ ነው።"

ወይዘሮ ኤንግራሲያ ትንሽ አሰበች። "ባርሴሎና ከሆነ እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለችና ወሰደችው። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ደውለው እንደ ኤንግራሲያ የሚወዛወዘውን እንፈልጋለን አሉ። እኔ ስስቅ ቴክላ አልሳቀችም። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

በሚያዝያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ ከተማው በጽጌረዳና በመጽሐፍ ሲሞላ፣ እኛ በመጽሐፍ ቅርጽ የተሠራ ኬክ እንሸጣለን። በገጾቹ ላይ ሁለት መስመር ትጽፍበት ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጽሑፉ በፋብሪካ የታተመበት የሚበላ የስኳር ወረቀት አዘዘች።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የታተመ ወረቀት እጅ ለሌለው ነው የምትይው?" አልኳት።

"ሰው ሐሳቡን መቀየር አይችልም?"

"ይችላል። ግን እንዲህ ሲቀይር አብሮት ለሚሠራው ሰው ይነግራል።"

"አጋታ፣ ጽጌረዳዎቹ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ሂጂና አጠጪያቸው።"

እኔም ያኔ አንድ ነገር ደመደምኩ፤ ይቺ ሴትዮ ሰልችቷታል፣ ቤቱን ልትሸጠው ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል እያልኩ፣ በባቡር ጣቢያው በኩል ያለው ዳቦ ቤት ሰው ይፈልግ እንደሆነ በሰው በሰው አስጠየቅሁ። ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ ግን አድርጌዋለሁ።

የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ቀኑን ሙሉ ኮካ ስንሸጥ ውለን፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ልጆች በአደባባዩ ለደመራው እንጨት ሲከምሩ፣ ጎረቤቶች ካቫ የሚባለውን አረፋማ ወይን ይዘው መጡ። ቴክላ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ትንሽ ቆይታ ቀኝ እጇን ከኪሷ አውጥታ ዓይኗ ሥር ይዛ ታየው ጀመር። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቸኮሌት ይዛ ተመለሰችና በተረፈው ኮካ ላይ የሁላችንንም ስም ጻፈች፤ የእኔን፣ የጎረቤቶቹን፣ ጥግ ላይ የተኛውን ውሻ ስም ሳይቀር። ፊደሉ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነበር። እንዲያ ስትፍለቀለቅ አይቻት አላውቅም። በኋላ እንደነገረችኝ በሽታው የለቀቃት መስሏት ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አዘነልኝ ብላ አመስግናለች። በማግስቱ ከቀትር በፊት መንቀጥቀጡ ተመለሰባት።

ያኔ ነው ከዱቄት ጆንያው ጀርባ ጣፋጭ ወይን ማስቀመጥ የጀመረችው። ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ሲኖራት አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች። እኔ ያኔ ጠርሙሱን ገና አላየሁትም፤ ሽታውን ግን አልሳትኩትም። አሁን ደግሞ ሐሳቤ ተለወጠ። ልትሸጥ አይደለም፣ መጠጥ ጀምራለች። መዲር እንደሆነ በሐምሌና በነሐሴ ቤት አይገኝም፤ በየመንደሩ በዓል ሲጫወት ነው የሚከርመው። ለማን ይነገራል?

የከተማችን ዓመታዊ በዓል በነሐሴ አጋማሽ ነው። ሁለቱ ግዙፍ ምስሎች፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ በውስጣቸው በገቡ ሰዎች ትከሻ ላይ ሆነው በየመንገዱ ይጨፍራሉ። በኬክ ቤታችን ፊት ሲደርሱ ንግሥቲቱ ዝቅ ትልና የቤቱ እመቤት በደረቷ ላይ ጥብጣብ ታስርላታለች። ይህ ከኪርዜ እናት ዘመን ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ከበሮው ከማዕዘኑ ሲሰማ ቴክላ ጥብጣቡን እጄ ላይ ጣለችና "አንቺ እሰሪው፣ እኔ ራሴን አሞኛል" ብላ ደረጃውን ወጣች።

በርጩማ ላይ ቆሜ ጥብጣቡን ሳስር ሰው ሁሉ "ቴክላ የት አለች?" ይላል። ወደ ላይ ቀና አልኩ። በአባቷ ወንበር ላይ፣ በዚያው መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ጭፈራውን እንደማታየው ሆና ታያለች። ኪርዜን በዚያ ወንበር ላይ ለብዙ ዓመት አይቼዋለሁ። አቀማመጧ ቁርጥ እሱን። ከበርጩማው እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

እንደዚያም ሆኖ ሳልጠይቃት ወር አለፈኝ። በመስከረም የቅድስት ቴክላ ቀን ይውላል፤ የስሟ በዓል። አበባ ይዤ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ቤቱን ሳንከፍት በጓዳው በር ላይ ቆምኩባት።

"ዛሬ አንዱን ሳትነግሪኝ በር አልከፍትም" አልኳት። "ልትሸጪው ነው ወይስ ትጠጫለሽ?"

"ምን?"

"ከሁለት አንዱ ነው። መሸጥ ከሆነ ንገሪኝ፣ እኔም ኑሮዬን ላስብበት። መጠጥ ከሆነም ንገሪኝ፣ አብረን እንየው። ጠርሙሱን ከጆንያው ጀርባ አግኝቼዋለሁ፤ ደግሞም ርካሹን ነው የምትጠጪው።"

ቴክላ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። ከዚያ እጇን ከኪሷ አወጣች። ብሩሹን አነሳችና ዓይኔ ሥር ዘረጋችው። የብሩሹ ጫፍ እንደ ወፍ ጭራ ይወዛወዛል።

"ይኸው" አለች። "የአባቴ ነው። ከጥር ጀምሮ።"

"ሐኪም ምን አለሽ?"

ብሩሹን ወደ ቦታው መለሰችው።

"ቴክላ፣ ሐኪም ምን አለሽ?"

"የማውቀውን ሊነግረኝ ነው?"

ይህን ስትል የራሷ ጆሮ የሰማው መሰለኝ፤ ምክንያቱም አፏን በዚያው በሚንቀጠቀጠው እጇ ያዘች። እኔ ሽርጤን ፈታሁና በሩ ላይ "ዛሬ ከረፈደ ነው የምንከፍተው" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ክንዷን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኳት። እዚያ ያለችው ወጣት ሐኪም አየቻትና ሆስፒታል ላለ የነርቭ ሐኪም ጻፈችላት። ቀጠሮው የሙታን በዓል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆነ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ማለት ነው።

ያን ዕለት ማታ ለመዲር ነገረችው። ንግግሩን ቀኑን ሙሉ ስታዘጋጅ ውላለች። እሱ ሾርባውን እየጠጣ አዳመጣትና፣ "ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ" አላት።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ቡናሽን ግማሽ ኩባያ ብቻ የምቀዳልሽ ለምን ይመስልሻል?"

ቴክላ አሰበች። እውነትም ከፋሲካ ወዲህ ሙሉ ኩባያ ቡና ጠጥታ አታውቅም። ንፉግ ሆነ ብላ ታዝባው ነበር።

"ታዲያ ለምን አትናገርም?" አለችው።

"አንቺ ልትነግሪኝ ስትዘጋጂ እንዳላቋርጥሽ ብዬ ነው" አለ።

እነዚያ አምስት ሳምንታት ከዓመቱ ሁሉ ከበዱ። ቢሆንም መደበቁ ቀርቶላት ነበር። የተረፈውን ወይን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋነው። ለፓናዬትስ አልሞንዱን ስንፈጭ፣ ሊጡን ስናድቦለቡል፣ እሷ ሊጡን እኔ ብሩሹን ያዝን። ማድቦልቦሉ ላይ እጇ ደኅና ነው፤ የሚያስቸግራት ቀጭን ነገር ስትይዝ ነው። "እስኪ አስቢው፣ ጫማ ሰፊው ግን፣ ልጅ ሆኜ እንደማስታውሰው፣ እጁ ሥራ ፈቶም ይንቀጠቀጥ ነበር" አልኳት አንድ ቀን። "ዝም በይ፣ ተስፋ አትስጪኝ" አለችኝ።

የቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ ጸጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቴክላን በመተላለፊያው አስኬደቻት። ክንዷን እጥፍ ዘርጋ እያደረገች አየች። ከመሃል ተነስቶ እየተጠቀለለ የሚሰፋ መስመር አሳለቻት። ውሃ ከአንድ ብርጭቆ ወደ ሌላ አስገለበጠቻት፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ከመቶ ወደ ኋላ እንድትቆጥር አደረገቻት። እጇ እንደ ተኛ ድመት ጸጥ አለ።

"ወይን ይጠጣሉ?" አለቻት።

ቴክላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"አንዳንዴ" አለች።

"ሲጠጡ እጅዎ ይረጋጋል?"

"ይረጋጋል።" ድምጿ አነሰ። "እንዴት አወቁ?"

"ብዙዎቹ ታማሚዎቼ እንዲህ ነው የሚሉኝ። መድኃኒት ነው ብለው ግን እንዳይይዙት።" ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገች። "ወይዘሮ ቴክላ፣ ይሄ ፓርኪንሰን አይደለም።"

መዲር ነው "ይድገሙልን" ያለው።

"ፓርኪንሰን አይደለም። እጅ ሥራ ሲይዝ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። በቤተሰብ ይወርዳል። ከጊዜ ጋር ሊጨምር ይችላል፤ ግን አያደርቅዎትም፣ አልጋ ላይ አያስተኛዎትም። የሚያረግብ ኪኒን አለ። ሲሠሩ ክርንዎን የሆነ ነገር ላይ ያሳርፉ፤ ወፍራም እጀታ ያለው ዕቃ ይያዙ። ሥራዎን መተው የለብዎትም።"

"አባቴ ግን..." አለች ቴክላ።

ሐኪሟ ጠየቀቻት። እግሩን ይጎትት ነበር? አይ። ፊቱ ደርቆ ነበር? ኧረ፣ በመስኮት ሆኖ በሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር? ቴክላ ዓይኗን ጨፍና አሰበች። ማንኪያ ሲያነሳ ነው። ሲላጭ ነው። እጁን ወንበሩ ላይ ካሳረፈ ግን አይንቀሳቀስም። ሰማንያ ዓመት እስኪሆነው ተራራው ላይ ወዳለው ጸሎት ቤት በእግሩ ይወጣ ነበር።

"ያላየሁትን ሰው አልመረምርም" አለች ሐኪሟ። "ግን እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ፣ የእርስዎው ዓይነት ይመስላል።"

በመኪና ተመለስን። ከከተማው ወጥተን ግማሽ መንገድ እንደሄድን ቴክላ "ራበኝ" አለች። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነው። መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ገባን። የተጠበሰ ቋሊማ በነጭ ባቄላ አዘዘች፤ ጨርሳ የመዲርን ሳህን ሳበች፤ የመዲርንም ጨርሳ ዳቦውን ሾርባዬ ውስጥ ነከረች። ሹካው በእጇ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ሁለት ባቄላ ደረቷ ላይ ወደቀ። አላነሳችውም። እኔና መዲር እየተያየን እንደ ጅል ፈገግ እንላለን።

በሙታን በዓል ጠዋት ፓናዬትሱ እስከ ቀትር አለቀ። ከዚያ መዲር ያመጣውን ቢጫ አበባ ይዘን ወደ መቃብሩ ሄድን። ከተማው ሁሉ እዚያ ነው፤ ሰው መሰላል እየተዋሰ የዘመዶቹን የግድግዳ መቃብር እምነበረድ ይወለውላል። የኪርዜ ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ቴክላ አበባውን አስቀመጠች። እኔ ራቅ ልበል ብዬ ነበር፤ ግን ክርኔን ያዘችው።

"አባዬ፣ ሐኪም ጋ ሄድኩ" አለች፣ ጎረቤቷን እንደምታወራ። "የጫማ ሰፊው አይደለም። የኔ አይደለም። ያንተም አልነበረም ይመስላል።" አበባውን አቃናች። "ሃያ አምስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ! አንድ ቀን መሄድ ምን ነበረበት? ስንት ሞና ትጽፍ ነበር።" አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። "እኔም እንዳንተ ልቀመጥ ነበር፤ አጋታ ናት በር ዘግታ ያወጣችኝ። ርካሽ ወይን ትጠጫለሽ ብላ ሰደበችኝ።"

አጠገባችን መሰላል ላይ የቆመው ሰውዬ እምነበረዱን መወልወሉን ትቶ ጆሮውን ሰጥቶናል። ቴክላ ቀና ብላ አየችውና "ፓርኪንሰን አይደለም" አለችው፤ እሱም "እግዚአብሔር ይመስገን" አላት፣ ስለምን እንደሆነ ሳያውቅ። እስከ በሩ ድረስ ላገኘችው ሰው ሁሉ ነገረች። ለወይዘሮ ኤንግራሲያ ስትነግራት ወይዘሮዋ "ታዲያ ባርሴሎና የተባለው?" ብላ ጠየቀች፤ ቴክላም እውነቱን ተናዘዘች። ወይዘሮዋ ለሦስት ቀን ካኮረፈች በኋላ የገና ኑጋቷን ልታዝዝ መጣች።

ኪኒኑ ግማሹን ወሰደላት፤ ሌላው ግማሽ ቀረ። የታጠፈ ፎጣ ክርኗ ሥር አድርጋ ትጽፋለች። እጇ በተመቻት ቀን ራሷ ትጽፋለች፤ ካልሆነላት ወረቀቱን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ የእኔ ጽሑፍ ከእሷ መጥፎ ቀን ይብሳል። ትሪ አትይዝም። ያን የምታደርገው እኔ ነኝ፣ ጀርባዬ እስከቻለ ድረስ።

ከገና ማግስት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን፣ ሁሉም ቤት ከገናው ሥጋ የተረፈውን ካነሎኒ በሚባለው ስስ ፓስታ ጠቅልሎ ሲበላ፣ ቴክላና መዲር እኔ ቤት መጡ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያቸው ነበር፤ ሌላ ጊዜ ያን ቀን ለነገሥታቱ ዳቦ ፍራፍሬ ስትከትፍ ነው የምትውለው። ሾርባው ሲቀርብ ቴክላ ማንኪያዋን ወደ ጎን አደረገች።

"እጄ ይንቀጠቀጣል" አለች ለመላው ጠረጴዛ። "በኩባያ ስጡኝ።"

ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት የሆናት አማቴ ከጥግ ሆና "የኔም ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ይታዘበኛል ብዬ ነው ያልተናገርኩት፤ ለኔም በኩባያ አምጡልኝ" አለች።

ሁለቱ ሴቶች ሾርባቸውን በኩባያ ጠጡ። ቴክላ ሦስት ሳህን ካነሎኒ በላች። ከዚያ "ጀርባዬን ትንሽ ላሳርፍ" ብላ ሶፋው ላይ ተጋደመችና አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጆቹ ሲጮኹ፣ ሳህኑ ሲታጠብ፣ መዲር ከባለቤቴ ጋር በካርታ ሲጨቃጨቅ አልሰማችም። እስኪጨልም ድረስ ማንም አልቀሰቀሳትም።